ሕፃኑ ለመውጣት ደርሷል፤ ወላጆቹስ?

(በተመራቂዎች የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



ኮሚቴው «ሃያ ደቂቃ አለሽ፤ ከሥራሽ አንድ ነገር አካፍይን» ሲለኝ ብዙ አላሰብኩም። ላነሣ የፈለግሁት ትንሽ የምትመስል ጉዳይ ናት፤ ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን ከሆስፒታል ወደ ቤቱ የሚሄድባት ቀን። በመካከላችን ቀዶ ሐኪም አለ፣ የዓይን ሐኪም አለ፣ ቢሮ የገባም አለ። ግን ሁላችንም ጎንደር ተማሪ ሳለን ለቲቲፒ ጤና ጣቢያ ወጥተናል። በጋቢ ተጠቅልሎ የመጣ፣ እፍኝ የማይሞላ ሕፃን ያላየ ያለ አይመስለኝም። ስለዚህ ጉዳዩ የሕፃናት ሐኪሞች ብቻ አይደለም።

እንደምታውቁት የምሠራው ደብረ ታቦር ነው። ሕፃናቱ የሚመጡት ከከተማው፣ ከፋርጣ፣ ከላይ ጋይንትና ከታች ጋይንት፣ ከስማዳ፣ ከእብናት፣ ከእስቴ ነው። 1,200፣ 1,400፣ 1,600 ግራም ሆነው ይመጣሉ። እኛ ተማሪ ሳለን እንዲህ ያለው ሕፃን «እግዜር ያውቃል» ተብሎ ነበር የሚታለፈው። ዛሬ ኦክስጅን አለ፣ ሲፓፕ አለ፣ ማሞቂያ አለ፣ የሠለጠኑ ነርሶች አሉ። ብዙዎቹ ይተርፋሉ። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ሊመሰገን ይገባል።

ግን አንድ የሚያንገበግብ ነገር አለ። ሦስት አራት ሳምንት የታገልንለት ሕፃን ከወጣ በሳምንቱ ቀዝቅዞ፣ ክብደቱ ቀንሶ፣ ጡት መሳብ አቅቶት ይመለሳል። አንዳንዱ ጭራሽ አይመለስም። ከቀጠሮ ሲቀር ስልክ እንደውላለን፤ «እሱማ አረፈ እኮ፣ ዶክተር» ይሉናል። ምን ሆኖ ነበር ስንል የምንሰማው መልስ ብዙውን ጊዜ ማሽን የሚፈልግ ነገር አይደለም። በርዶት ነበር። ዝም ብሎ ይተኛ ነበር። ጉንፋን የያዘው ሰው አቅፎት ነበር። ሌሊት ስለሆነ እስኪነጋ ጠበቅን።

በአገር ደረጃ ነገሩ ምን እንደሚመስል ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በኢትዮጵያ በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 30 ያህሉ የመጀመሪያውን ወር አይጨርሱም። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ፣ ጎንደርና ጅማን ጨምሮ በአምስት ሆስፒታሎች የተካሄደ ትልቅ ጥናት አለ። በጨቅላ ሕፃናት ፅኑ ሕክምና ክፍል ከገቡት 3,852 ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት መካከል 29 በመቶ ያህሉ 28 ቀን ሳይሞላቸው ሞተዋል። ዋነኞቹ ምክንያቶች የሳንባ አለመጎልበት፣ ኢንፌክሽንና በወሊድ ጊዜ መታፈን ነበሩ። የሳንባውንና የመታፈኑን ፈተና ሕፃኑ የሚያልፈው እኛ ጋ ሳለ ነው። ኢንፌክሽን፣ ብርድና ረሃብ ግን ከእናቱ ጋር አብረው ቤት ይገባሉ።

እስቲ ደግሞ እንዴት እንደምናስወጣ እንመልከት። ጠዋት ራውንድ ላይ «ዛሬ ስንት መዘነ?» እንላለን። «1,850፤ ሦስት ቀን ጨምሯል።» «በጣም ጥሩ፣ ነገ ይውጣ።» አለቀ። በማግስቱ ወረቀት ይጻፋል፤ እናቲቱ ቆማ፣ አማቷ ዕቃ እየቋጠረች፣ አባትየው መኪና እንዳያመልጠው እየተጣደፈ ምክር ይሰጣል። «ገባሽ?» «አዎ፣ ዶክተር።» አገራችን ይሉኝታ ያለበት አገር ነው፤ ዶክተር ፊት «አልገባኝም» የምትል አራስ ስንት አይታችኋል?

የምለው አንድ ነገር ነው። ሕፃኑን እንመዝናለን፤ የሚቀበለውን ቤት ግን አንመዝንም። የወላጆች ዝግጁነት እንደ ክብደቱ ሁሉ የሚለካ፣ ተለክቶም በካርዱ ላይ የሚጻፍ የመውጫ መስፈርት መሆን አለበት።

ይህ የእኔ ፈጠራ አይደለም። የካንጋሮ እንክብካቤ እ.ኤ.አ. በ1978 በኮሎምቢያ ቦጎታ ሲጀመር ማሞቂያ ስላነሰ እናት ማሞቂያ ትሁን ተብሎ ብቻ አልነበረም። ሕፃኑ በእናቱ ደረት ላይ እንደታሰረ ቶሎ ቤቱ እንዲሄድ፣ እየተመላለሰም እንዲታይ ታስቦ ነው። ከጅምሩ ቤትን ያሰበ ሕክምና ነበር ማለት ነው። በእኛም አገር ዶክተር ቦጋለ ወርቁና ባልደረባቸው አዲስ አበባ ላይ ያደረጉትና እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመው ጥናት፣ ገና ከመጀመሪያው ገላ ለገላ የታቀፉ ሕፃናት የተሻለ እንደተረፉ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2021 በጋና፣ በሕንድ፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያና በታንዛኒያ የተደረገው ጥናት ደግሞ እንደተወለዱ ወዲያው መጀመር ሞትን በ25 በመቶ ያህል እንደሚቀንስ አረጋገጠ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ምክር በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት ይታቀፉ ብሏል። እዚያው ላይ ቤተሰብ በእንክብካቤው ይሳተፍ፣ ለመውጫው ይዘጋጅ፣ ከወጣም በኋላ ቤቱ ድረስ ይጎብኝ ይላል። የመጀመሪያውን ክፍል ሁላችን በቃላችን እናውቀዋለን፤ ሁለተኛውን ግን እንዘልለዋለን። በኢትዮጵያና በሕንድ በተደረገው የማስፋፋት ጥናትም ሆስፒታል ውስጥ በደንብ ሲያቅፉ የነበሩ እናቶች ቤት ከገቡ በሳምንቱ ቁጥራቸው ቀንሶ ተገኝቷል።

ወደ እኛ አገር ቤት እንምጣ። ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር አካባቢ ነው። የጉና ግርጌ ደግሞ ከዚያም ይበርዳል፤ ንፋስ መውጫን ስሟ ራሱ ይናገራል። እኛ ክፍል 25 ዲግሪ አካባቢ የለመደ ሕፃን በአንድ ቀን ጉዞ የቆርቆሮ ክዳን ያለው፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ የሚያድርበት ቤት ይገባል። ቤተሰቡ ያለውን ያደርጋል፤ እሳት ያነድዳል። የባሕር ዛፉም የኩበቱም ጭስ ቤቱን ይሞላዋል፤ ሕፃኑም «እንዳይበርደው» ከምድጃው አጠገብ ይተኛል። ሳንባው ገና ትናንት የተከፈተ ልጅ ነው። ስለዚህ «ሙቀት ጠብቂለት» ብሎ መሸኘት አንዳንዴ «ጭስ አጠገብ አስተኚው» እንደማለት ነው የሚሆነው። በግልጽ መናገር ያስፈልጋል፤ ምድጃው የእናት ደረት ነው። በነጠላ ወይም በመቀነት ደረቷ ላይ ታስሮ፣ ኮፍያና ካልሲ አድርጎ፣ ከላዩ ጋቢ ከተደረበ እሳት አያስፈልገውም። እሷ ሽንት ቤት ስትሄድ አባቱ ይቀበላት። አንቀልባ ለኋላ ይቆይ። መሞቁንም በእጃቸው ይወቁ፤ ሆዱ ሞቆ እግሩ ከቀዘቀዘ ብርዱ ጀምሮታል ማለት ነው።

ሁለተኛው ምግብ ነው። ከሁሉ በላይ የሚገድለን አንድ እምነት አለ፤ «ካላለቀሰ አልራበውም» የሚለው። ቀኑን የጨረሰ ልጅ ሲርበው ቤቱን ያናውጣል። ያለ ጊዜው የተወለደ ግን ሲርበው ይተኛል፤ በተኛ ቁጥር ይደክማል፤ በደከመ ቁጥር ይተኛል። አያት «ተመስገን፣ ጨዋ ልጅ ነው፣ ሰው አይረብሽም» ትላለች። እናትየዋ በየሁለት በየሦስት ሰዓቱ፣ ሌሊትም ጭምር፣ በቀን ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ጊዜ መቀስቀስ እንዳለባት ማወቅ ብቻ አይበቃትም፤ አድርጋው መውጣት አለባት። መሳብ ሲያቅተው ወተቷን በእጇ አልባ በንጹሕ ሲኒ ማጠጣትም እንዲሁ። ሲኒ የሌለበት ቤት አገራችን ውስጥ የለም፤ ጡጦ መግዛት አያስፈልግም። ቅቤ ማላስ ለዚህ ልጅ አደጋ ነው፤ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። አብሽም ለልጁ ሳይሆን ለእናትየው ነው፤ እሷ ጠጥታው በጡቷ ይድረሰው እላቸዋለሁ፤ ይስቃሉ፣ ግን ይቀበሉኛል።

ባህላችንን ሁሉ እንደ ጠላት ማየት ግን አልወድም። አራስ ቤት ማንም ዘው ብሎ አይገባም፤ «ዓይን ይበላዋል» ተብሎ ልጅ ለሰው አይገለጥም። እኔ ይህን ልማድ በሁለት እጄ እቀበለዋለሁ። ከዓይን የሚጠብቁት ልጅ ከጉንፋንም ይጠበቃል። ለቤተሰቡ የምነግረው «ያንኑ ልማዳችሁን አጥብቁ፤ የሚገባም ሰው እጁን በሳሙና ይታጠብ፣ ልጁን አይሳም» ብቻ ነው። ሰው በራሱ ልማድ በኩል ሲነገረው ቶሎ ይሰማል።

ክርስትናም አለ። ወንድ በ40 ቀኑ፣ ሴት በ80 ቀኗ። በ32 ሳምንት የተወለደ ወንድ ልጅ አስቡ። 40 ቀን ሲሞላው፣ መወለድ ከነበረበት ቀን ገና 16 ቀን ይቀረዋል። በዚያ ቀን በደጋ ጠዋት ልብሱን አውልቆ ውሃ ውስጥ ይገባል። ይህንን «አታድርጉ» ማለት የእኔ ሥልጣን አይደለም፤ ብልም አይሰማኝም፤ መባልም የለበትም። የምችለው ከመውጣቱ በፊት መጠየቅ ነው፤ «ክርስትናው መቼ ነው? ቤተ ክርስቲያኑስ ከቤታችሁ ምን ያህል ይርቃል?» ከዚያም ቀደም ብለው ንስሐ አባታቸውን እንዲያማክሩ፣ ውሃው ለብ እንዲል እንዲለምኑ፣ ልጁ ከውሃ እንደወጣ ራሱ ሳይቀር ደርቆ ወዲያው ወደ ደረት እንዲመለስ፣ ድግሱ ላይ ከእጅ ወደ እጅ እንዳይዞር እንነጋገራለን። ያነጋገርኳቸው ቀሳውስት ነገሩን ሲረዱ ከእኛ የበለጠ ይጠነቀቃሉ። ለሙስሊም ቤተሰቦቻችንም የሰባተኛውን ቀን ዐቂቃ በተመለከተ ተመሳሳይ ውይይት አለን።

አሁን ወላጅ ስንል ማንን ነው የምንለው? እኛ የምናሠለጥነው እናትን ብቻ ነው። ቤት ውስጥ የሚወስነው ግን ሌላ ሰው ነው። ከላይ ጋይንት የመጣች የመጀመሪያ ልጇን የወለደች ወጣት ነበረች። ሁሉን ነገር አጥንታ፣ አቀፋፈፏ ለሌሎቹ እናቶች ምሳሌ ሆኖ ነበር። በመውጫዋ ቀን አማቷ መጡ። «ይኸን ምስኪን አፍነሽ ልትገድይው ነው?» ብለው ነጠላውን ፈቱት። ልጅቷ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። እንግዲህ የዚያን ቀን ብትሄድ ኖሮ የሦስት ሳምንት ትምህርቷ በር ላይ ቀርቶ ነበር። ሁለት ቀን አቆየናቸው። ነርሷ «እማማ፣ እስቲ እርስዎ ይቀበሏት፤ እሷ ትንሽ ትረፍ» ብላ ልጁን በእሳቸው ደረት ላይ አሰረችው። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ የልጁ እግር ሞቀ፤ እሳቸውም በእጃቸው ዳሰሱት። «አሃ፤ ይኸማ ዶሮ እንቁላሏን እንደምታቅፈው ነው እኮ፣ ልጄ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ በክፍሉ ውስጥ ነጠላ የላላባትን እናት የሚቆጡት እሳቸው ሆኑ። ልጁ ደህና ነው፤ ለክትባት ሲመጣም ይዘውት የሚመጡት እሳቸው ናቸው።

አባትንም ደጅ ነው የምናቆመው። መድኃኒት ግዛ፣ ደም አምጣ፣ ካርድ አውጣ እንለዋለን፤ ልጁን ግን አያቅፍም። ቤት ሲገቡ እናትየዋ ያለ ረዳት ትቀራለች። የወንድ ደረት እኩል እንደሚያሞቅ ለማሳየት ክርክር አያስፈልግም፤ ቴርሞሜትር ይበቃል። ተቀጥሮ ለሚሠራው አባት ደግሞ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚሰጠው የአባትነት ፈቃድ ሦስት ቀን ነው። ልጁ አራት ሳምንት ሆስፒታል ይተኛል፤ ፈቃዱ ያለቀው ልጁ ገና በቱቦ ሲመገብ ነው። ፖሊሲ ላይ የምትሠሩ ጓደኞቼ ይህንን ያዙልኝ።

የወላጆች ነገር ሁለት መልክ አለው። አንዳንዱ ሳይደርስ መሄድ ይፈልጋል። ቤቱ ተዘግቷል፣ ሌሎቹ ልጆች ጎረቤት ናቸው፣ አጨዳው ደርሷል፣ ለአስታማሚ ምግብ ገንዘብ አልቋል። «በፈቃዴ ነው» ብሎ ፈርሞ ይወጣል። እኛም «እምቢተኛ» ብለን ካርዱን እንዘጋለን። ግን ገና በገባ ቀን «ቤት ማን ቀረ? ከብቱን ማን ያያል? የጤና መድን አላችሁ?» ብሎ የጠየቀ ሰው ካለ፣ ብዙው ነገር መላ ይገኝለታል። ዝግጅቱ የሚጀምረው በመጀመሪያው ቀን እንጂ በመጨረሻው አይደለም።

ሌላው ደግሞ ልጁ ደርሶ እያለ መሄድ ይፈራል። አንዲት እናት «እዚህ ሲታመም ማሽኑ ይጮሃል፤ ቤቴ ማን ይጮህልኛል?» አለችኝ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ልጇን ለሳምንታት በመስታወት ያየች፣ ለመንካት ፈቃድ ስትጠይቅ የከረመች እናት በአንድ ጠዋት «ያው፣ ውሰጂው» ስትባል ብትፈራ ምን ይገርማል? እንቅልፍ የሚነሣት፣ ብቻዋን የምታለቅስ፣ ልጁን አይታ ፊቷን የምታዞርም አለች። ያቺን እናት ስለ ራሷ መጠየቅ የሕክምናው አካል ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ? እኛ ጋ የረዳንን ልንገራችሁ፤ አብዛኛው በጀት አይጠይቅም።

አንደኛ፣ ከመውጣቱ በፊት ሁለት ወይም ሦስት ሌሊት እናትና ልጅ ለብቻቸው ይደሩ። ነርስ አትቀሰቅሳትም፣ አታስርላትም። ትመለከታለች ብቻ። ጠዋት ስንት ጊዜ አጠባች፣ ሙቀቱ ከ36.5 እስከ 37.5 ነበር ወይ፣ ክብደቱ ጨመረ ወይ? ሌሊቱን ያለፈች እናት ፍርሃቷም ይለቃታል።

ሁለተኛ፣ ከእናት ሌላ ቢያንስ አንድ ሰው፣ አባት ወይም አያት፣ በእጁ ሠርቶ ያሳየ ይኑር።

ሦስተኛ፣ «ገባሽ?» የሚለውን ጥያቄ እንተወው። በምትኩ «እታለም፣ ቤት ስትደርሺ ለጎረቤትሽ ምን ብለሽ ትነግሪያታለሽ?» እንበል። ጡት መተው፣ መንቀጥቀጥ፣ በደቂቃ 60 እና ከዚያ በላይ መተንፈስ፣ ደረቱ ወደ ውስጥ መግባት፣ ትኩሳት ወይም ብርድ፣ ካልነኩት አለመንቀሳቀስ፣ መዳፍና እግሩ ቢጫ መሆን። እነዚህን በራሷ አፍ ትቁጠራቸው። ሌሊት ቢሆን ማን ይሸከመዋል፣ በምን ይሄዳሉ፣ ገንዘቡ የት ነው የተቀመጠው? ይህም ይነገር።

አራተኛ፣ ርክክብ ይኑር። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በየቀበሌው ሰው አስቀምጦልናል። ቤተሰቡ ከግቢ ሳይወጣ ለዚያች ሠራተኛ ይደወልላት። «ሐሙስ እንዲህ ያለ ሕፃን ይመጣልሻል፤ ቅዳሜ እይው» ይባል። ወረቀቱም በአማርኛ ይጻፍ። በሳምንቱ ቅርብ ባለው ጤና ጣቢያ ይመዘን። ክትባቱ በተወለደበት ቀን እንደሚቆጠር፣ መቀመጥና መዳሁን ግን ሊወለድ ከነበረበት ቀን ቆጥረው እንደሚጠብቁ እዚያው ይነገራቸው፤ አለዚያ «የእገሌ ልጅ ተቀመጠ፣ የእኔ ቀረ» እያሉ ይሰቃያሉ።

ውጭ አገር ያላችሁ ወንድሞቼና እህቶቼ ብዙ ጊዜ «ምን ማሽን እንላክ?» ትሉናላችሁ። እግዜር ይስጥልን፤ ማሽን አንጠላም። ግን እናት ልጇን አቅፋ የምታድርበት ክፍል፣ የሚንጋለል ወንበር፣ ብርድ ልብስ፣ የሞቀ ውሃና ለአስታማሚ የምትሆን ወጥ ቤት ብታሠሩ መለዋወጫ አይጠይቃችሁም፤ ባለሙያ ጠፍቶም አይቆምም።

ሰኞ ወደየሥራችን ስንመለስ፣ ራውንድ ላይ ከ«ስንት መዘነ?» ቀጥሎ «ማን ይቀበለዋል? ሠርተው አሳይተዋል?» ብለን እንጠይቅ። መልሱ ካርዱ ላይ ይጻፍ። ካልተጻፈ ልጁ አልደረሰም ማለት ነው፤ ሁለት ሺህ ግራምም ቢሆን።